ነፋስ የሚዘጋው ባሕር

የደጋ ሰው ክረምት ሲገባ መንገድ እንደሚዘጋ ያውቃል። ዓባይ ይሞላል፤ ተከዜ አላሻግር ይላል፤ ሲራራ ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ፣ ዘማቹም ወደ ሰፈሩ ገብቶ ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቃል። በቀድሞው ዘመን የነገሥታቱ ዘመቻ ሳይቀር ለዚህ ሕግ ሲገዛ ኖሯል። መስቀል ሲጠባ ወንዙ ይጎድላል፤ መንገዱም ይከፈታል።

በነዚያው ወራት ከሀገራችን በስተምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚኖረው ዓሣ አስጋሪም ታንኳውን ከውሃው አርቆ አሸዋ ላይ ይደፋዋል። መረቡን ይጠግናል፤ ያደረቀውን ዓሣ ይቆጥራል፤ ዕዳውንም ያሰላል። ሶማሌዎች ይህን ጊዜ «በድ ሒረን» ይሉታል፤ «የተዘጋ ባሕር» ማለት ነው። የደገኛውን መንገድ የዘጋው ዝናብና የባሕረኛውን መንገድ የዘጋው ነፋስ የአንድ ታላቅ የአየር ሥርዓት ሁለት ፊቶች ናቸው።

ለመሆኑ ይህ በየዓመቱ የሚመላለስ የባሕር መዘጋት ለጠረፉ ሰው ጉዳት ብቻ ነበርን? ወይስ የዓሣውን ዘር ሲያበዛና ሲጠብቅ የኖረ፣ ያልተጻፈ ሕግ ነበር? የነፋሱን፣ የባሕሩንና የአስጋሪውን ታሪክ አንድ ላይ አድርጎ የተመለከተ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለይተን ካላመለከትን በስተቀር የዓመታቱ ቁጥር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ወቅትን የሚያውቅ መርከበኛ

ባሕረኞች ለዚህ ነፋስ ያወጡለት ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። ዐረቦች «መውሲም» ይሉታል፤ ትርጓሜው «ወቅት» ነው። ቃሉ በፖርቱጋሎች አፍ አልፎ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ሲገባ «ሞንሱን» ተባለ። ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ፊቱን ያዞራል። በበጋው ወራት ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከእስያ ምድር ወደ አፍሪካ ይነፍሳል፤ ደረቅና ለዘብ ያለ በመሆኑ ለጉዞም ለማስገርም ይመቻል። ከሰኔ እስከ መስከረም መባቻ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ እየገፋ ይመጣል፤ ይህኛው ብርቱ ነው። በሁለቱ መካከል ነፋሱ የሚያመነታበት አጭር ጊዜ አለ።

ይህን ምስጢር የጠረፉ ሰዎች ያወቁት መቼ እንደሆነ የሚመሰክር ጽሑፍ የለም። ዛሬ በእጃችን ከሚገኙት ጥንታውያን ሰነዶች አንዱ ግን በ1ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም በግብፅ ይኖር የነበረ፣ ስሙ ያልታወቀ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው «ፔሪፕለስ» የተባለው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ ነው። የሀገራችን ታሪክ ተመራማሪዎች ይህን መጽሐፍ የሚያውቁት ስለ አዱሊስ ወደብና ዞስካሌስ ስለተባለው ንጉሥ በሚሰጠው ምስክርነት ነው። ጸሐፊው ግን ከሁሉ በላይ ጊዜ ቆጣሪ ነበር። ከግብፅ ወደ አዱሊስ የሚሄደው ዕቃ ከጥር እስከ መስከረም ባለው ጊዜ እንደሚጫን፣ ከሁሉ የሚሻለው ወር ግን መስከረም እንደሆነ ይናገራል። ወደ ሕንድ የሚሻገሩት መርከቦች ደግሞ በሐምሌ ወር ከግብፅ እንዲነሡ ይመክራል። ሐምሌ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መርከቧ ቀይ ባሕርን አቋርጣ ከባብ ኤል መንደብ ስትወጣ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ኃይሉ እየበረደ ይደርስላታል።

መጽሐፉ በመካከለኛው ባሕር በቀጥታ የመሻገርን ብልሃት መጀመሪያ ያገኘው ሂጳሎስ የተባለ መርከበኛ እንደሆነ ይተርካል። ሆኖም ዐረቦችና ሕንዶች ከግሪኮች ቀድመው በዚህ ነፋስ ይጠቀሙ እንደነበር አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ለኛ ርእስ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ፔሪፕለስ በየጠረፉ ስለሚኖሩ «ዓሣ በሎች» ደጋግሞ ያነሣል። ንግዱ በወቅት ሲመላለስ የጠረፉ ኗሪ ከባሕሩ በሚያገኘው ዓሣ ሕይወቱን ያቆይ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያ ወዲህ 1400 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1490 ግድም፣ አሕመድ ኢብን ማጂድ የተባለው ስመ ጥር ዐረብ መርከበኛ የባሕር ዕውቀቱን በመጽሐፍ አሰፈረ። በሱም ዘንድ ባሕሩ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ የትምህርቱ ሁሉ መሠረት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የእስልምና አቆጣጠር ጨረቃን ስለሚከተል በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ከወቅቱ ይንሸራተታል። ነፋስ ግን የሚታዘዘው ለፀሐይ ነው። ስለዚህ መርከበኞቹ ለጸሎትና ለጾም የጨረቃውን አቆጣጠር ይዘው፣ ለባሕሩ ግን «ናይሩዝ» ከሚሉት የዓመት መባቻ ጀምረው የፀሐይን ዓመት ቀን በቀን ይቆጥሩ ነበር። የግብፅ ክርስቲያኖችም የዘመን መለወጫቸውን በዚሁ በናይሩዝ ስም ይጠሩታል፤ ቀኑም ከኛው መስከረም 1 ጋር አንድ ነው።

የባሕሩ መዘጋትና መከፈት ከተሞችን ሳይቀር ያቆምና ያፈርስ ነበር። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1855 ሐረርን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ ስለ በርበራ ሲጽፍ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በገበያተኛ ተጨናንቃ የምትከርመው ያች ወደብ ነፋሱ ሊለወጥ ሲቃረብ ባዶዋን እንደምትቀር ገልጿል። ከሐረር የሚወርደው ሲራራም፣ ከሕንድና ከመስከት የሚመጡት መርከቦችም ቀጠሯቸውን የሚያገናኙት በነፋሱ ሰሌዳ ነበር።

ነፋስ ባሕርን ያርሳል

የጠረፉ ሽማግሌዎች ከተዘጋው ባሕር በኋላ የሚገኘው ዓሣ የሰባና የበዛ እንደሆነ በልምድ ያውቁ ነበር። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን የ20ኛውን መቶ ዓመት ሳይንስ መጠበቅ ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘውም ከሕንድ ውቅያኖስ እጅግ ርቆ፣ በሰሜን ዋልታ በረዶ መካከል ነው። ናንሰን የተባለው የኖርዌይ ተመራማሪ ከ1893 እስከ 1896 «ፍራም» በተባለችው መርከቡ ሲጓዝ፣ ተንሳፋፊው በረዶ ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ ወደ ቀኝ እያዘነበለ እንደሚጓዝ አስተዋለ። ኤክማን የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1905 ባወጣው ጥናት ነገሩን በሒሳብ ፈታው። መሬት በመሽከርከሯ ምክንያት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነፋስ የሚገፋው የባሕር ውሃ ወደ ቀኙ ያዘነብላል።

ይህን ዕውቀት ወደ ሶማሊያ ጠረፍ እንውሰደው። በክረምቱ ወራት ነፋሱ ጠረፉን ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነጉዳል፤ የብሱ በግራው፣ ውቅያኖሱ በቀኙ ነው። የላይኛው ውሃ ወደ ቀኝ እየተገፋ ከዳርቻው ሲርቅ በቦታው የሚተካው ከጥልቁ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ይህ የጥልቅ ውሃ ከላይ እየሞተ ሲወርድና ሲበሰብስ የኖረውን ሕያው ነገር ሁሉ ለምነት ተሸክሟል። ወደ ብርሃን በወጣ ጊዜ በዓይን የማይታዩት የባሕር ዕፀዋት፣ ማለትም ፕላንክተኖች፣ በቀናት ውስጥ ይራባሉ፤ እነሱን ጥቃቅን እንስሳት፣ ጥቃቅኖቹን ሰርዲን፣ ሰርዲንን ደግሞ ቱናና ሻርክ ይመገባሉ። ገበሬ በሞፈርና በቀንበር የታችኛውን አፈር ወደ ላይ እንደሚያወጣ፣ ነፋስም ባሕሩን ያርሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1959 እስከ 1965 የብዙ አገሮች መርከቦች ተባብረው ባካሄዱት የሕንድ ውቅያኖስ ጥናት ይህ ሁሉ በመሣሪያ ተለካ። በ1964 ክረምት በሶማሊያ ጠረፍ የተጓዙት ተመራማሪዎች፣ በሌላው ወራት 27 ዲግሪ ያህል የሚሞቀው የባሕር ገጽ የአፍሪካ ዋና ምድር የመጨረሻው ምሥራቃዊ ጫፍ በሆነው በራስ ሐፉን አካባቢ ከ20 ዲግሪ በታች መውረዱን ተመለከቱ። በበጋ ወደ ደቡብ ይወርድ የነበረው የባሕር ጅረት አቅጣጫውን ለውጦ፣ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ሰሜን ሲጋልብ አገኙት። ከታላላቅ የባሕር ጅረቶች መካከል በየዓመቱ እንዲህ ጨርሶ የሚገለበጥ እምብዛም አይገኝም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ሊያስደንቀን የሚገባው በ1969 ይፋ የሆነው ግኝት ነው። ፊንድሌተር የተባለው እንግሊዛዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ፣ ይህ ነፋስ ከማዳጋስካር በስተሰሜን ተነሥቶ፣ የምድር ወገብን ተሻግሮ፣ ከምድር 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ እንደ ወንዝ ተጠቦ የሚፈስ የአየር ጎርፍ እንዳለው አሳየ። እንዲህ ጠቦ እንዲበረታ የሚያደርገው በስተምዕራቡ የሚገታው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውም የኬንያና የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ናቸው። ባሕር አይተው የማያውቁት የባሌና የሐረርጌ ተራሮች ሳይታወቃቸው የሩቁን አስጋሪ እርሻ ያግዛሉ።

ይሁን እንጂ የነፋሱ ስጦታ ሁልጊዜ ያለ ዋጋ አይደለም። በዐረብ ባሕር ጥልቅ ውስጥ ኦክሲጅን እጅግ ያነሰው ውሃ ተኝቷል። ይህ ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ዓሣው ትንፋሽ አጥቶ የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ በ1957 በዚያ ባሕር ሲጓዙ የነበሩ መርከበኞች የሞተ ዓሣ ሰፊ ቦታ ሸፍኖ ሲንሳፈፍ ማየታቸው ተመዝግቧል።

ቀይ ባሕርም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም። የሚገባበት ወንዝ ስለሌለ ምግቡን የሚያገኘው በአመዛኙ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። በክረምት በባብ ኤል መንደብ በኩል ከላይ የሚሞቀው ውሃ ሲወጣ፣ ከሥሩ ቀዝቃዛና ለም ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። በምፅዋ፣ በዳህላክና በአሰብ አካባቢ ያለው የባሕሩ ደቡባዊ ክፍል ከሰሜኑ ይልቅ በዓሣ የበለጸገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከነፋሱ ጋር የተስማማ ኑሮ

የሰው ብልሃት የሚለካው ተፈጥሮን በመጋፋት ብቻ አይደለም፤ በመጠበቅም ነው። የዚህ ባሕር ዳርቻ ሕዝቦች ለብዙ መቶ ዓመታት ያሳዩት ይህን ጥበብ ነው።

በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከምሥራቅ ወደ ሀገሩ የተመለሰው ማርኮ ፖሎ፣ በሐድረመውት ጠረፍ የምትገኘውን ሺሕርን ሲገልጽ አድማጮቹን ያስገረመ ነገር ተናግሯል። በዚያ ከብቱ፣ በጉና ግመሉ የሚመገበው ሣር ሳይሆን ዓሣ ነው ብሏል። ትንንሾቹ ዓሦች በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት በገፍ ተይዘው ይደርቃሉ፤ ከዚያም ዓመቱን ሙሉ ለእንስሳቱ ይሰጣሉ። ወራቱን ልብ እንበል። ሦስቱም ባሕሩ ከመዘጋቱ በፊት ያሉት ናቸው። የደጋ ገበሬ ለክረምት ጎተራውን እንደሚሞላ፣ የሺሕር ሰውም በሩ ሳይዘጋ ስንቁን ይሰበስብ ነበር።

ኢብን ባጡታም በ1330 ግድም በዙፋር፣ በዛሬይቱ ዑማን ደቡባዊ ጠረፍ፣ ተመሳሳይ ነገር ተመልክቷል። የዚያ አገር ሰርዲን እጅግ የሰባ መሆኑን፣ ለከብትም መኖ እንደሚሆን ጽፏል። በዚያው ዘመን ዘይላን በጎበኘ ጊዜ ግን ከተማይቱ ከዓሣው ብዛትና ከሚታረደው ግመል ደም የተነሣ ስለምትሸት በመርከቡ ላይ ማደርን መርጧል። ሽታው ለእንግዳው አስቀያሚ ቢሆንም ለኗሪው የጥጋብ ምልክት እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በዙፋር የክረምቱን ነፋስ «ኸሪፍ» ይሉታል። ነፋሱ ተራራውን በጉም ሸፍኖ ሲያለመልም፣ ከባሕሩ ሥር ደግሞ በሌላው ወራት የማይታይ የባሕር ሣር ደን ያበቅላል። ይህን ሣር እየተመገበ በአለት ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ ሥጋው በእስያ ገበያ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ባለ አንድ ቅርፊት የባሕር ቀንድ አውጣ አለ። ጠላቂዎቹ የሚሰበስቡት ማዕበሉ ካረፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ዋጋው እየናረ ሄዶ ነፋሱ የሚሰጠው ዕረፍት አልበቃ ባለ ጊዜ መንግሥት ከ2008 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት መሰብሰቡን ጨርሶ ለማገድ ተገዷል።

በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ደግሞ አስጋሪው ባሕሩ በተከፈተ ጊዜ ሻርክ አጥምዶ፣ በጨው አድርቆ፣ በበጋው ነፋስ ወደ ደቡብ በሚወርዱ ጀልባዎች ለምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ይልክ ነበር። ነፋሱ ሲለወጥ ታንኳው ያርፋል። በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በቦምቤይ አካባቢ የሚኖሩት ኮሊ የተባሉት አስጋሪዎች የባሕሩን መከፈት የሚያከብሩት በበዓል ነው። በነሐሴ ግድም በምትውለው ሙሉ ጨረቃ ታንኳዎቻቸውን ቀለም ቀብተው፣ በአበባ አስጊጠው፣ ለባሕሩ የኮኮናት ፍሬ ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ማስገር ይጀመራል። ናርያል ፑርኒማ የሚባለው ይህ በዓል የመስቀልን ደስታ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም። ሁለቱም የተዘጋ ነገር የተከፈተበት ቀን ናቸው።

ከግመል ወደ ታንኳ

ይህን በልምድ የተገነባ ስምምነት ሳያውቁ ወደ ባሕር የሚቀርቡ ሰዎች ምን ይገጥማቸዋል? ታሪክ አንድ ምሳሌ አስቀምጦልናል።

በ1974 እና በ1975 ሶማሌዎች «ደበዴር» ብለው የሰየሙት ታላቅ ድርቅ የአርብቶ አደሩን ከብት ፈጀ። በኛም አገር ወሎን ያጠፋው የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ ገና ከሕዝቡ ልብ ሳይወጣ ነበር። የሶማሊያ መንግሥት በሶቪየት አውሮፕላኖችና መኪናዎች እየተረዳ ከ100,000 የሚበልጡ አርብቶ አደሮችን ከሰሜንና ከመካከለኛው ክፍል አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ አጓጓዘ። ከነዚህ አብዛኞቹ በወንዝ ዳር ለእርሻ ሲመደቡ፣ ከ10,000 የሚበልጡት ደግሞ በኢል፣ በአዳሌና በበራዌ ጠረፍ ዓሣ አስጋሪ እንዲሆኑ ተደረገ።

በዘላኑ ባህል ዓሣ የተናቀ ምግብ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ ለውጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግልጽ ነው። ትናንት የግመሎቹን ዝርያ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥር የነበረ ሰው፣ ዛሬ መንጠቆና መረብ ተሰጥቶት የማያውቀው ማዕበል ፊት ቆመ። ጀልባ ተሰጠው፤ ሥልጠናም ተሰጠው። ነገር ግን በዚያ ጠረፍ ከነፋስ የሚያስጠልል የተፈጥሮ ወደብ እምብዛም የለም፤ ታንኳ ከአሸዋው በቀጥታ ወደ ማዕበሉ ይገፋል። ክረምቱ ሲገባ ባሕሩ ተዘጋ። የጠረፉ ነባር ኗሪ ለዚህ ጊዜ ሌላ መተዳደሪያና ያደረቀው ስንቅ ነበረው፤ አዲሱ ሰፋሪ ግን በእርዳታ እህል ላይ ወደቀ። ዝናብ ተመልሶ ሣሩ ሲበቅል ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ፣ በተለይም ወንዶቹ፣ ወደ ቀድሞ ኑሯቸው ወይም ወደ ሥራ ፍለጋ ሄዱ። ከቀሩት መካከል ባሕሩን ተላምደው ጥሩ አስጋሪ የሆኑ አልታጡም። በዝናብ እጦት ከብቱን ያጣው ሰው በባሕሩ ዳር ያገኘው ሌላ የክረምት ሕግ ነበር፤ ሕጉን ለመማር ደግሞ አንድ ትውልድ ያስፈልግ ነበር።

ሞተር የከፈተው በር

የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ የሶማሊያን ጠረፍ ከገረፈ በኋላ የዐረብን ባሕር አቋርጦ በሰኔ መጀመሪያ ላይ የደቡብ ሕንድ ግዛት ወደሆነችው ወደ ኬረላ ይደርሳል። በዚያ በሚያዘንበው ዝናብ የሕንድ ገበሬ ሩዙን ይዘራል፤ በባሕሩ ውስጥም ሰርዲን እንቁላሉን ይጥላል። የኬረላ አስጋሪ በነዚህ ወራት ከባድ ችግር ያሳልፍ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ብቻ በአላፑዣ ጠረፍ «ቻከራ» የሚሉት ተአምር ይታያል፤ ከባሕሩ ወለል የሚነሣው ለስላሳ ጭቃ ማዕበሉን አስተኝቶ በነውጡ መካከል እንደ ኩሬ የረጋ ቦታ ይፈጥራል። ያን ጊዜ ታንኳዎች ከየመንደሩ ወደዚያ ይጎርፋሉ።

በ1952 ሕንድ፣ ኖርዌይና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት፣ በተከታዩ ዓመት በኩይሎን አጠገብ በሚገኙት የአስጋሪ መንደሮች አንድ የልማት ሥራ ተጀመረ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ለድኻው አስጋሪ የሞተር ጀልባ፣ የበረዶ ቤትና የጤና ጣቢያ ለመስጠት ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን የባሕሩ ሽሪምፕ በአሜሪካና በጃፓን ገበያ እጅግ ተፈላጊ ሆኖ ተገኘ። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ከባሕሩ ወለል ላይ መረብ የሚጎትቱ ጀልባዎችን ማሠራት ጀመሩ። እነዚህ ጀልባዎች ታንኳውን የሚያግደው ማዕበል አላገዳቸውም። ይልቁንም ክረምቱ ከሽሪምፕ የሚገኘው ትርፍ የሚበዛበት ወቅት ሆነላቸው። ነፋስ ለሺህ ዓመታት ዘግቶት የኖረው በር በሞተር ተከፈተ።

መረቡ የባሕሩን ወለል ሲጠርግ እንቁላል የተሸከመውንም፣ ገና ያልደረሰውንም ዓሣ አብሮ ያወጣል። የባለ ታንኳዎቹ አቤቱታ ይህ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በሁለቱ ወገኖች መካከል በባሕር ላይ ጠብ ተነሣ፤ መረብ ተቀደደ፤ ጀልባም ተቃጠለ። በ1980 ዓሣ ማስገርን የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። አስጋሪዎቹ ግን በዚህ አልረኩም፤ በሰልፍና በረሃብ አድማ እየተከራከሩ በክረምት መረብ መጎተት እንዲከለከል ጠየቁ። ሊቃውንቱ የተከፋፈለ አስተያየት ሰጡ፤ አጣሪ ጉባኤ በጉባኤ ላይ ተሰየመ። በመጨረሻ በ1988 የኬረላ መንግሥት የመረብ ጎታች ጀልባዎችን ሥራ በክረምቱ አገደ። የእገዳው ቀን ብዛት ቆይቶ 47፣ በ2018 ደግሞ 52 ሆኗል።

የዚህ ድርጊት ትርጉም ከአንድ ግዛት ታሪክ ያለፈ ነው። ቀድሞ ነፋስ ይዘጋው የነበረውን በር ሰው ከፈተው፤ ከዚያም ያው ሰው በሕግ መልሶ መዝጋት ግድ ሆነበት። ሕጉን እንዲወጣ ያስገደዱትም ነፋሱን ከአባቶቻቸው የተማሩት ባለ ታንኳዎች ናቸው።

ነገር ግን ለእውነት ስንል አንድ ነገር እንጨምር። ባለ ታንኳዎቹም በቦታቸው አልቆሙም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሞተር ገጥመው፣ መንጋውን በአንድ ጊዜ የሚከብብ ታላቅ ክብ መረብ ይዘው ተነሡ፤ የጎታቾቹ እገዳ እነሱን አይመለከትም ነበር። በ2012 በኬረላ 390,000 ቶን ያህል የደረሰው የሰርዲን ምርት በ2021 ወደ 3,297 ቶን አሽቆልቁሏል። ተመራማሪዎች የባሕሩን ሙቀት መለዋወጥና ያልደረሰ ዓሣ መያዙን በምክንያትነት ይጠቅሳሉ። በሩ በአንድ በኩል ተዘግቶ በሌላው ከተከፈተ ቤቱ እንደተጠበቀ አይቆጠርም።

ጠባቂ ያጣ ባሕር

በምዕራቡ ዳርቻ ደግሞ ነፋሱን የሚተካ ሕግ የጠፋበት ዘመን መጣ። በጥር 1991 የሶማሊያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ያን ለም ባሕር የሚጠብቅ አልነበረም። ከሩቅ አገር የመጡ ትልልቅ መርከቦች ያለ ፈቃድ እየገቡ አሰገሩ። ለነዚህ መርከቦች ማዕበሉ እንደ ታንኳው ያህል እንቅፋት አይሆንም። የጠረፉ አስጋሪ መረቡ እየተቀደደበት፣ ወጥመዱም እየተጠረገበት ባዶ እጁን ሲመለስ ብሶቱን የሚሰማው አላገኘም። በኋላ ዓለምን ያስደነገጠው የባሕር ላይ ውንብድና ከብዙ ምክንያቶች የተነሣ ቢሆንም፣ ይህ ብሶት አንዱ መነሻው እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። የሚያስገርመው ደግሞ ውንብድናው እጅግ በበረታበት ጊዜ እንኳ ክረምቱ ሲገባ ጥቃቱ ይቀንስ ነበር። የመንግሥታት የጦር መርከቦች ያላስቆሙትን ትንሽ ጀልባ ነፋሱ ያስቆመው ነበር። በ2014 በወጣው የሶማሊያ የዓሣ ሀብት ሕግ የባሕርን ወለል መጥረግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ሕግ በወረቀት ከመስፈሩ ሌላ በባሕሩ ላይ የሚያስፈጽመው ክንድ ይሻል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የባሕሩ መዘጋት ለአስጋሪው ረሃብም ዕዳም ያመጣ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በዚያው ጊዜ ግን ነፋሱ ከጥልቁ ለምነትን እያወጣ ዓሣውን ይመግብ፣ ማዕበሉም የሰውን እጅ እያራቀ ዘሩን ይጠብቅ ነበር። አራሹም ዘበኛውም አንድ ነበር። ሞተር የተሻገረው ዘበኛውን ነው፤ አራሹን ግን ሊተካው አልቻለም። ዛሬ የሕንድ ውቅያኖስ ገጽ እየሞቀ በመሄዱ አራሹ ራሱ እንደ ጥንቱ መሥራቱ አሳሳቢ ሆኗል፤ የላይኛው ውሃ በሞቀ መጠን ከሥሩ ያለውን ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ማውጣት ያስቸግራልና።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። ቢሆንም በሰኔ ወር ደመናው ሲከብድና መንገዱ ሲጨቀይ፣ ከተራሮቻችን ማዶ ያው ነፋስ አንድን አስጋሪ ታንኳውን እንዲደፋ እያዘዘው ነው። የደጋው ገበሬ ዘሩን በትኖ ቡቃያውን እንዲጠብቅ፣ የቆላው ባሕረኛም መረቡን ሰቅሎ ዓሣው እስኪደርስ እንዲታገሥ ያስተማራቸው አንድ መምህር ነው። ገበሬው ቡቃያውን አይበላም። ባሕረኛውም ይህን ሕግ በነፋስ ተገዶ ሲያከብር ኖሯል፤ ከእንግዲህ ግን በገዛ ፈቃዱ ማክበር ይጠበቅበታል።